የሥዩም ትከሻ

እኔ አርፋጅ አልወድም። ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ላይ ምግብ ቤቴን ከከፈትኩ ወዲህ ከሥራ ያሰናበትኳቸውን ሰዎች ብትጠይቁ አንዱም ሌባ አልነበረም፤ ሁሉም አርፋጆች ነበሩ። ሌባ እንኳ ለሥራው በሰዓቱ ይገኛል። ስለዚህ ሥጋ ቆራጬ ሥዩም ማርፈድ ሲጀምር ምን ያህል እንደተናደድኩ አትጠይቁኝ።

ሥዩም የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ሲገባ የያዘው አንድ የቢላዋ ሞረድና አንድ ሻንጣ ነበር ይላሉ፤ ሞረዱ ዛሬም አለ፣ ሻንጣው የት እንደገባ አይታወቅም። ሰውየው ወሬ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ብትቆሙ ከአፉ የምትሰሙት «ሽንጥ ነው ጎድን?» የምትል ብቻ ናት። የእህቴን ልጅ ስምረትን ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ፣ «ይሄ ዱዳ ልጅቷን ምን ብሎ ነው የጠየቃት?» ብዬ ነበር። ስምረት ሳቀች። «ብቻ ሽንጥ ነው ጎድን አላለኝም፣ አክስቴ» አለችኝ። መልሷ ደስ አለኝና እሺ አልኩ።

አንድ ነገር ላይ ግን ሥዩምን የሚያህል የለም፤ ሰላምታ ላይ። ደንበኛ ሲመጣ ቢላዋውን ያስቀምጣል፣ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ በልኳንዳው መስኮት ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ያቀብላል። ያ ትከሻ ደግሞ በር የሚዘጋ ትከሻ ነው። ጨብጦ፣ አንዴ ሁለቴ ሦስቴ ገጨት ገጨት አድርጎ ሲለቅህ ቤትህ የገባህ ይመስልሃል። አንዳንዱ ሰው ከኪሌሌሽዋ ድረስ የሚመጣው ለሥጋው ይሁን ለዚያ ሰላምታ እኔ እንጃ።

ታዲያ አምና፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ሁለት ነገር አብሮ መጣ። አንደኛው ማርፈዱ ነው። ብዙም አይደል፤ የከተማው ሚኒባስ፣ ማታቱ፣ እንዳመለጠው ሰው ያህል። ግን ቤቱ እዚሁ አጠገብ፣ ኪሊማኒ ነው፣ በእግሩ ነው የሚመጣው፣ ከማታቱ ጋር ምን አገናኘው? «ምን ሆነህ ነው?» ስለው «ይቅርታ እትዬ ሃረጉ» ብሎ ቢላዋውን መሞረድ ይጀምራል። ሁለተኛው ደግሞ ትከሻውን መንፈጉ ነው። ሰው ሲያቀርብለት ወደ ኋላ ሸሸት ይልና እጁን ብቻ ዘርግቶ ይጨብጣል፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ይመስል።

እኛ ዘንድ ትከሻ መንፈግ ቀላል ነገር አይደለም። አፍ ሳይከፍቱ መሳደብ ነው። ደንበኛው ሁሉ «ምነው ይሄ ልጅ ኮራ?» ማለት ጀመረ። ከሁሉ የባሰበት ጃፈር ነው። ጃፈር ከኢስሊ በርበሬና ኮረሪማ የሚያመጣልን ነጋዴ ነው። እስላም ስለሆነ ሥጋችንን አይቀምስም፤ ከሥዩም ጋር ግን የሞያሌን መንገድ አብረው የመጡ ወንድማማቾች ናቸው። አንድ ቀን ትከሻውን አቅርቦ አየር ሲገጭ ጊዜ ኩሽና ገባና የበርበሬውን ከረጢት ጣለው። «እትዬ፣ እኔ ምን በደልኩት?» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ያን የሚያህል ሰውዬ!

ነገሩ ለሽምግልና ደረሰ። ሽማግሌው ጋሽ መብራህቶም ነው። መብራህቶም እንደኔው የአስመራ ሰው ነው፤ አማርኛውን በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ስለተማረ እስከ ዛሬ ግሪስ ግሪስ ይላል። አሁን ታክሲዎቹን ሌላ ሰው እየነዳለት እሱ ቀኑን ሙሉ የእኔን በር ይጠብቃል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል እሱ፣ ጃፈርና ሥዩም ጥግ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ። የጠራኝ የለም፤ ግን ወንበሩ የኔ ነው።

መብራህቶም ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ ሥዩም፣ ሰው ትከሻውን የሚከለክለው ወይ ተቀይሞ ነው ወይ ታሞ ነው። አንተ የቱ ነህ?»

«የቱም አይደለሁም ጋሼ።»

«ሽማግሌ ፊት አይዋሽም!»

ሥዩም ጠረጴዛውን በጥፍሩ ፋቀ ፋቀ አደረገ። «መድኃኒት እቀባለሁ። ትከሻዬ ላይ። ማንም እንዳይነካው ተብያለሁ።»

«ቁርጥማት ነው?»

«የወሊድ መከላከያ ነው።»

መብራህቶም ግራ ገባው። «የሚስትህን መድኃኒት አንተ የምትቀባው ለምንድን ነው?»

«የራሴን ነው ጋሼ። የወንድ ነው።»

ከዚያ በኋላ የተናገረውን ያህል ሥዩም በሕይወቱ ተናግሮ አያውቅም። አንድ ክሊኒክ ባልና ሚስት እየመዘገበ ጥናት ያደርጋል። መድኃኒቱ ውሃ የመሰለ ቅባት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ትከሻና ትከሻ ላይ ይቀባል። ቀስ በቀስ ዘሩን ያሳንሰዋል፤ ሲተዉት ይመለሳል ብለዋቸዋል። ሸሚዝ ከመልበሱ በፊት መድረቅ ስላለበት ራቁቱን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። «የማረፍደውም ለዚህ ነው፣ እትዬ» አለ ወደ እኔ ሳያይ።

ጃፈር ፊቱ በራ። «አልሐምዱሊላህ! እኔን ተቀይመህ አይደለማ!» ብሎ ሊያቅፈው ተነሣና መልሶ ትከሻው ትዝ ሲለው ተቀመጠ። መብራህቶም ግን አልሳቀም። ሥዩምን ከላይ እስከ ታች አየው። «እንግዲያስ ራስህን አኮላሸህ በለኛ» አለ።

እኔ ወደ ኩሽና ሄድኩ። ስምረት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ስምረት ስምንት ዓመት ሙሉ የቤቴን ወጥ የሠራች ልጅ ናት፤ ይሄን ሁሉ ጊዜ አጠገቤ ቆማ ይሄን የሚያህል ነገር እንዴት ትደብቀኛለች? ልቆጣት ገብቼ ፊቷን ሳይ ቁጣዬ በረደ።

«ታስታውሻለሽ አይደል?» አለችኝ። አስታውሳለሁ። የመጀመሪያ ልጇን ኤሊልታን ከወለደች በኋላ ኪኒኑን ስትወስድ ራሷን ይፈልጣት ነበር፤ ራሷን በሻሽ አስራ ነው ድስት የምታማስለው። መርፌ ጀመረች፤ ደሙ አልቆም አላት። ክንዷ ውስጥ የሚቀበረውንም ሞከረች፣ አስወጣችው። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትዞር ሕድሪ ተፀነሰ። ያኔ ነርስነት ኮሌጅ ገብታ ገና የመጀመሪያ ዓመቷ ነበር፤ አቋርጣ ቀረች። አሁን ደግሞ በስንት ልመና መልሰው ተቀብለዋታል። ጠዋት ወጥ ትሠራለች፣ ከሰዓት ትማራለች። «ዳግመኛ ብታቋርጪ ሌላ ዕድል የለም ብለውኛል» አለች። «ሐሳቡን ያመጣው ራሱ ነው። ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ አይቶ መጣና፣ አንቺ ብዙ ሞከርሽ፣ አሁን ተራው የኔ ነው አለኝ።»

«ሥዩም? ይሄን ሁሉ ቃል?»

«ይሄን ሁሉ» አለች፤ ዓይኗን ጠረገች፤ ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ አላወቅሁም።

መብራህቶም ሽማግሌ ነው እንጂ ምስጢር ጠባቂ አይደለም። በማግሥቱ ሁርሊንግሃም ያለ ሐበሻ ሁሉ ሰምቷል። ራሱ መብራህቶም በሩ ላይ ተቀምጦ «ሰንጋው እንዴት አደረ?» ይላል። «ስሙ ሥዩም፣ ትከሻው ቅቡዕ!» ይላል፤ ሰው ይስቃል። እኔ መቼ አስችሎኝ! «ጋሽ መብራህቶም፣ ሰንጋ ሲባል ምራቅህ የሚዝረከረከው አንተ አይደለህ እንዴ? እስከ ዛሬ ኮርማ ስትበላ ነው የኖርከው?» አልኩት። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል፣ ሃረጉ!» አለኝ። «በዕድሉ ሲያድግ የሽንት ጨርቁን ማን ያጥበዋል?» ስለው ጋዜጣውን ገለጠ።

ሁሉም እንደሱ ነበር ብል ውሸት ነው። ከቢሮ የምትመጣ ምርቃት የምትባል ልጅ አለች፣ እዚሁ ናይሮቢ ያደገች። ወሬውን ስትሰማ «ሲሪየስሊ? ፕሊዝ፣ የኔንም አስመዝግቡልኝ!» አለች። አጠገቧ የተቀመጠው እጮኛዋ የጎረሰው ትን አለው። አንዳንዱ ወንድ ደግሞ በአደባባይ ከሳቀ በኋላ በጓሮ በኩል ዞሮ «ስማ፣ ጉልበት አይቀንስም ግን?» ብሎ ሥዩምን ይጠይቃል። ሥዩም «እስካሁን ከሚስቴ አቤቱታ አልመጣም» ይለዋል። ደግሞ ሌላው፣ «የነገ ልጅ ከእግዜር ነው፣ በቅባት አይመለስም» ብሎ እያማተበ ይሄዳል። እሱንም አልፈርድበትም፤ እምነቱ ነው።

የቸገረኝ ሌላ ነው። ሰው ቁርጥ መብላት አቆመ። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። «ጥብስ አድርጉልኝ» ይላል አንዱ። «ለኔም እሳት ይንካው» ይላል ሌላው። ዕድሜ ልካቸውን ጥሬ ሥጋ ሲቆርጡ የኖሩ ሰዎች! ኋላ ነው የገባኝ፤ ሥዩም መድኃኒቱን የሚቀባው በእጁ ነው፣ ሥጋውን የሚቆርጠውም በእጁ ነው፤ መድኃኒቱ ወደ እነሱ እንዳይሻገር ፈርተው ነው። ሥዩም በሰው ፊት እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ይታጠባል፤ ማንም ልብ አይልለትም። ልኳንዳው መስኮት ውስጥ ብቻውን ቆሞ ቢላዋ ሲሞርድ ይውላል። የሚቆርጠው ሳይኖር ይሞርዳል። አንጀቴን በላኝ።

በመጨረሻ «የክሊኒክ ቀጠሮህ መቼ ነው? አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት። የክሊኒኩ ነርስ ረጅም፣ ሳቂታ የአገሩ ልጅ ናት። በስዋሂሊዬ ጀመርኩ። «ይሄን ሰውዬ ትከሻህን ማንም እንዳይነካህ ብለሽዋል?»

«አዎ፣ ማማ።»

«ሰላምታስ?»

«ሰላምታ ከትከሻ ጋር ምን አገናኘው?»

ይሄ እንግዲህ በቃል የሚገባ ነገር አይደለም። «ተነሽ» አልኳት። ተነሣች። እጇን ያዝኩና በትከሻዬ ገጨኋት፤ በዚህ ገጨሁ፣ በዚያ ገጨሁ፣ መለስኩና ደገምኩ። አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው ማዳመጫ መሬት ወደቀ። ሥዩም ወንበሩ ላይ ሆኖ በእፍረት ፊቱን ሸፈነ።

«ወንዶቻችሁ ሁሉ እንዲህ ይገጫጫሉ? በየቀኑ?»

«ባገኙት ቁጥር።»

ሳቀች፣ ሳቀች፣ ወንበሯን ይዛ ሳቀች። «ደርቆ፣ ሸሚዝ ተለብሶበት? ሃኩና ሺዳ! ችግር የለም፣ ይገጫጭ!» አለች። ለካ እሷ የነገረችው ስለ ራቁት ገላ ነው፤ ሚስቱና ልጆቹ የተቀባውን ቆዳ እንዳይነኩት። እሱ የሰማው ግን ስለ ሰላምታ ነው። ማን ይፈርድበታል? ትከሻህን ሰው እንዳይነካው ከተባለ ሐበሻ ሌላ ምን ያስባል? እጁን በደንብ ከታጠበ ሥጋም ቢቆርጥ ችግር እንደሌለው ጠይቄ አረጋገጥኩ። ስንመለስ ማታቱው ውስጥ ሥዩም ብቻውን ፈገግ ሲል አየሁት።

ደስታው ምግብ ቤቱ በር ድረስ ብቻ ሆነ። አንድ የቆየ ደንበኛ ሲገባ ሥዩም ቢላዋውን አስቀመጠ፣ እጁን ጠረገ፣ እንደ ጥንቱ ጎንበስ ብሎ ትከሻውን አቀበለ። ሰውየው እሳት እንዳየ ሰው ዘለለ። «ኧረ በማርያም! እኔ ገና ልጅ እፈልጋለሁ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሥዩም ቀስ ብሎ ቀና አለና ሞረዱን አነሣ። አቤት ፊቱ! እስከ ዛሬ ያንን ፊት ሳስታውስ ያንን ደንበኛ ባገኘው ደስ ይለኛል።

ጃፈር ብቻ በማግሥቱ ሰው ሁሉ እያየ መጥቶ ገጨው። ግን የአንድ ሰው ትከሻ ምን ያህል ያዘልቃል?

በሚቀጥለው ሳምንት ሥዩም በጠዋት መጣ። ገና መጋረጃ ሳልከፍት በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። በማግሥቱም እንዲሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እመርቀው ነበር፤ አሁን ግን ሆዴ ባባ። አርፋጅ የምጠላው እኔ፣ ሰው በሰዓቱ በመምጣቱ እንዲህ አዝኜ አላውቅም። ስምረትን ኩሽና ውስጥ ያዝኳት።

«ተወው አይደል?»

ራሷን ነቀነቀች። «ምንም አላለኝም። ግን የመድኃኒቱ ጠርሙስ ከተቀመጠበት አልተነሣም። እኔም ምን ልበለው? ሰው እኮ ነው፣ አክስቴ፤ ስንት ቀን ብቻውን ይቆማል? ሰኞ ሄጄ መርፌውን እጀምራለሁ።»

«ደሙስ? ትምህርቱስ?»

«እንደ ምንም» አለች። «ቆሜ መዋል ካቃተኝ ግን እንግዲህ እተወዋለሁ።»

እሑድ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ቤቱ ጢም ይላል። ሥዩም መስኮቱ ውስጥ ቆሟል፤ ሥጋው ተሰቅሏል፤ የሚጠይቀው የለም። መብራህቶም ነጠላውን እንደለበሰ መካከል ተቀምጦ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ለኔ ዶሮ ወጥ! እኔ ከስምረት እጅ ነው የምበላው። ያቺ እጅ ንጹሕ ናት!» ሰው ሳቀ። ሥዩም ሰምቷል፤ አቀርቅሯል።

ስምረትም ሰምታለች። ሳህኑን ይዛ ራሷ ከኩሽና ወጣች፤ ሽርጧን እንኳ አልፈታችም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለትና ቆመች።

«ጋሼ፣ እጄ ንጹሕ ነው?»

«እንደ ወርቅ፣ ልጄ!»

«እዚህ በሠራሁባቸው ስምንት ዓመታት የወሊድ መከላከያ ስውጥ ነበር። ስወጋ ነበር። እዚህ ክንዴ ውስጥ ቀብረውብኝ ነበር።» ድምፅዋ አልጮኸም፤ ግን ቤቱ ፀጥ ብሎ ስለነበር ጓዳ ድረስ ይሰማል። «በዚሁ እጄ ነው ሽንኩርቱን የከተፍኩት። በዚሁ እጄ ነው ዶሮውን የገነጠልኩት። ባለፈው ፋሲካ እርስዎን ያጎረስኩዎትም በዚሁ ነው። አንድ ቀን እንኳ እጅሽን ታጠብሽ ወይ ያለኝ ሰው የለም። እሳት ይንካው ያለም የለም።» ዙሪያዋን አየች። «ስምንት ዓመት በልታችሁልኛል። የተኮላሸ ካለ እጁን ያውጣ።»

እጅ ያወጣ አልነበረም። የሳቀም የለም።

«ለማንኛውም አትስጉ» አለች። «ሥዩም ትቶታል። ነገ ወደ መርፌዬ እመለሳለሁ። እናንተ ብቻ ትከሻ አትንፈጉት።»

ይሄን ብላ ወደ ኩሽና ተመለሰች። የመብራህቶም እጅ እንጀራውን እንደጠቀለለ በአየር ላይ ቀርቷል። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። «የኔዋ ስድስት ነው የወለደችው» አለ፤ ለማን እንደተናገረ አላውቅም። «ሁልጊዜ ወገቤን፣ ወገቤን ትል ነበር።» ከዚያ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠው። ሥዩም ደግሞ ቢላዋውን አስቀምጦ እጁን ጠርጎ ወደ ኩሽና ገባ። ምን ተባባሉ? በሩ ላይ ጆሮዬን ብደቅንም ምንም አልሰማሁም። እሱ መቼም አይናገር።

ሰኞ ጠዋት ቤቱን ስከፍት ሥዩም በሩ ላይ አልነበረም። ስምረትም አልመጣችም። ይዟት ወደ መርፌው ሄደ አልኩ በልቤ። ሰዓቱን አየሁ፣ ጠረጴዛ ወለወልኩ፣ መልሼ ሰዓቱን አየሁ። መብራህቶም ከወትሮው ቀድሞ መጣና በሩ ላይ ሳይቀመጥ ቀጥ ብሎ ወደ ልኳንዳው መስኮት ሄደ። ባዶውን መስኮት ሲያይ ወደ እኔ ዞረ።

«ቆራጩ የታለ?»

«አርፍዷል» አልኩት።

ጥቂት ቆይተው ሁለቱም አብረው ገቡ። ስምረት የኮሌጅ ቦርሳዋን አንግታለች፤ እኔን ሳታይ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ወደ ኩሽናዋ አለፈች። ሥዩም የሸሚዙን የላይኛ ቁልፍ እየቆለፈ መስኮቱ ውስጥ ገባና ሽርጡን አሰረ። ከእኔ በፊት መብራህቶም ቀደመው።

«ምነው አረፈድክ?»

ሥዩም ቀና ብሎ አየው። «እስኪደርቅ ነው፣ ጋሼ።»

መብራህቶም ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ።

«ደረቀ?»

«ደርቋል።»

«እንግዲያው አምጣው» አለና በመስኮቱ በኩል ትከሻውን አቀበለ።